ጥፍር ቀለም የተቀባ ብሎን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንደምን ነህ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እማዬን ከእንቅልፏ ያባንናታል? እማዬስ ደህና ትበላለች? የአባዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሰው እያየው ደረጃውን ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ፣ ሰው ዘወር ሲል ደግሞ ግድግዳ እንደሚደገፍ አውቃለሁና «ደህና ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ። አክስቴ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ ቤት ሙሉ መፈለጉን ተወች? ትንሿ እህታችንስ ከሒሳብ ጋር ታረቀች ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው? ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ።

እኔን ብትጠይቀኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከወገቤ በቀር የሚያመኝ የለም። ወገቤም ከወንበር የመጣ ነው፤ የወንበሩን ነገር ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ገና «እሺ፣ የመኪናው ነገር ከምን ደረሰ?» ስትለኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። አንተም ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የመጠበቅ ዓመል የለህም። ወረቀት አይቋረጥም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሐል ላይ ብትናደድ እንኳ አትቅደደው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበልህ። የትምህርት ቤቱን የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራህን ካልለቀቅህ አትልቀቅ። የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፈህ ከሆነም ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ለአለቃህም ምንም አትበለው። ምክንያቱን አሁን እነግርሃለሁ።

የምነዳትን ነጭ ታክሲ በፎቶ ታውቃታለህ። ባለቤቷ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዷታል ይባላል፤ እኔም ልጆቻቸውን ስላየሁ አልፈርድባቸውም። ቀን እኔ እነዳታለሁ፤ ማታ ደግሞ እኔ ረጅሙ የምለው ሰውዬ ይነዳታል። ጎህ ሲቀድ እሱ መኪናዋን ባለ መኪናው ግቢ ያቆምና ቁልፉን በረንዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቅሎ ይሄዳል፤ እኔ መጥቼ አነሣለሁ። አመሻሽ ላይ እኔ እሰቅላለሁ፤ እሱ ያነሣል። አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጥን፣ አንድ መሪ እየያዝን፣ ፊት ለፊት የምንገናኘው ከስንት አንዴ ነው። ስንገናኝም «የኋላው ጎማ ይታይ»፣ «እሺ» ነው፤ ሌላ ወሬ የለንም።

ስለዚህ ሰውየውን የማውቀው ትቶት በሚሄደው ነገር ብቻ ነበር። ጠዋት ስገባ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። መስታወቱን ቀና ብዬ ሳይ የማየው ጣራውን ነው። ራዲዮው ስለ ኳስ ከሚለፈልፈው ጣቢያ ላይ ተተክሏል፤ ማርሹ ሥር የከረሜላ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በየማለዳው ያን ወንበር ወደ ፊት ስጎትት ነው ወገቤ የተቀጨው። ሰው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሰውን መናቅ ይችላል ለካ እያልኩ እብከነከን ነበር።

ታዲያ ባለ መኪናው በቅርቡ አንድ ነገር ተነሣባቸው። የሠፈራችን የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው የጫረባቸው። «ድምፅዋ ቆንጆ የሆነ ታክሲ ደንበኛ ይወዳታል» ብሎ አምፕሊፋየር አስገዛቸው። አምፕሊፋየር ማለት የቴፑን ድምፅ የሚያጎላ፣ የጫማ ሳጥን የሚያህል ብረት ነው። የተቀመጠው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ በግራ በኩል ነበር። ከፊት ከባትሪው ወፍራም ቀይ ሽቦ በቀኝ ምንጣፉ ሥር ሄዶ ኃይል ይሰጠዋል። ከቴፑ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ድምፁን ያመጣለታል፤ እሷም በቀኝ በኩል ከወፍራሙ ጋር ተቃቅፋ ነበር የምትሄደው። ሦስተኛዋ ጥቁር፣ አጭር ሽቦ ናት፤ ግራ በኩል ካለ ብሎን ጋር፣ የመኪናዋ ብረት ላይ ታስራለች። ወፍራሙን፣ ቀጭኗንና ጥቁሯን ያዝልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የፈላው በነሱ ነው።

ድምፁ አማረ፤ አልዋሽህም። ግን ፉጨት ይዞ መጣ። ቤንዚን ስሰጥ ከስፒከሩ ቀጭን ድምፅ ይነሣና ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አብሮት ይወጣል፤ እግሬን ሳነሣ ይወርዳል። ዳገት ላይማ ጆሮ ይበሳል። ቴፑን ድምፁን እስከ ታች ዘጋሁት፤ ፉጨቱ ቅንጣት አልቀነሰም። ሞተሩን አጥፍቼ ቴፑን ብቻ ስከፍተው ጭጭ ይላል። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ዲናሞውን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ አሮጌ ሆኖ በአዲስ ካርቶን የተሸጠ ነው አልኩ። ዕቃ ጠርጥሬ ስጨርስ ወደ ሰው ተሻገርኩ። ታውቀኛለህ፤ እማዬ ገና ልጅ ሳለሁ ጀምሮ «ይቺ ልጅ ጥላዋንም ፈትሻ ነው የምታሳድረው» ስትል አልነበር?

ደንበኞቼም መሸሽ ጀመሩ። ወደ ሆስፒታል የማመላልሳት ነርስ «መኪናሽ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው? እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ልቅሶ ስሰማ ነው የምውለው» አለችኝ፤ በማግሥቱ ከሌላ ታክሲ ስትወርድ አየኋት። ቴፑን ልዝጋው እንዳልል ፉጨቱ አምፕሊፋየሩ እስካለ ድረስ አለ፤ አምፕሊፋየሩን ልንቀለው እንዳልል ባለ መኪናው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሰምተውበታል።

ኤሌክትሪሻኑ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ተነሥቶ መኪናዋን እንኳ አላያትም። «እኔ የገጠምኩ ዕለት ትንፍሽ አትልም ነበር፤ የነካው ሰው አለ» አለኝ። ወንድሜ፣ ያቺ ቃል ናት ያቃጠለችን። ከዚያ ስለጨቀጨቅሁት ብቻ «ጥቁሯ ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ታስራ ከሆነ ያፏጫል፤ ንጹሕ ብረት ፈልጊላት» ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

እኔም ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሜ፣ ካቻቢቴና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ከኋላ ተደፋሁ። ግራ በኩል ያለው ብሎን እውነትም ሥሩ በቀለምና በዝገት ተሸፍኗል፤ ቢፋቅም የሚለቅ አይመስልም። በቀኝ በኩል ካለው ብሎን ሥር ግን ቀለሙን ስፍቀው ብረቱ እንደ ማንኪያ አበራ። ጥቁሯ ሽቦ አጭር ስለሆነች እዚያ አትደርስም፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ራሱን ጎትቼ ወደ ቀኝ አዞርኩትና አሰርኳት። ሞተር አስነሣሁ፤ ፉጨቱ ከግማሽ በላይ ወረደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በሙዚቃ ይሸፈናል። እጄን እየጠረግሁ ለብቻዬ ሳቅሁ። ያን ቀን ሰው ባገኝ አቅፌ እስመው ነበር።

ጠዋት ስመጣ ፉጨቱ ተመልሷል። የኋላውን ስከፍት አምፕሊፋየሩ ወደ ግራ ሄዷል። ጥቁሯ ሽቦ ያ የዛገ ብሎን ላይ ተመልሳ ታስራለች፤ ቀጭኗም ሽቦ ከነበረችበት ወጥታ በግራ ምንጣፍ ሥር ብቅ ብላለች። የፋቅሁት ብሎን ባዶውን ያየኛል። ስፍቅ የዋልኩትን፣ ጥፍሬን የሰበርኩበትን ሥራ አፈረሰብኝ! እኔም እንደገና ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ቀጭኗንም ስቤ ወደ ጥንት ቦታዋ፣ ከወፍራሙ ጎን ሸጎጥኳት። በማግሥቱ እንደገና ወደ ግራ ሄዶ አገኘሁት። እንዲህ እየተባባልን፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ፣ አምፕሊፋየሩ ቀን ቀኝ፣ ማታ ግራ ሲንከራተት ሰነበተ።

ለምን ያደርገዋል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልስ ደግሞ ለጠርጣሪ ሰው አይቸግርም። የቀን ፈረቃዬን ፈልጎ ነው አልኩ። ደንበኞቼ ሲሸሹ ባለ መኪናው «ቀኑን ለሱ» እንዲሉ ነው። የከረሜላውን ወረቀት ሳይ የሚያላግጥብኝ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በር ላይ ተገናኘንና «ፉጨቷ እንዴት ነች?» አለኝ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ። «አንተ ታውቃለህ» ብዬው አለፍኩ። እሱም ከኋላዬ «አዎ፣ ማን እንደሚያውቅማ እናውቃለን» አለ። እግዜር ያሳይህ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ግን እኔ በወሬ አልከስም አልኩ፤ እጅ ከፍንጅ መያዝ አለበት። ቀይ የጥፍር ቀለሜን አወጣሁና የቀኙን ብሎን አናቱንና ዙሪያውን ቀባሁት። ሲደርቅ ብሎኑና ብረቱ አንድ ይሆናሉ፤ የፈታው ሰው ካለ ቀለሙ ይሰነጠቃል። በማግሥቱ ጠዋት የኋላውን ከፈትኩ። ቀለሙ ለሁለት ተሰንጥቋል።

የተናደድኩ ይመስልሃል? አይደለም ወንድሜ። ደስ አለኝ። ይህን ነው በስልክ ልነግርህ ያቃተኝ። ደስ ያለኝ ምክንያቱ አንተ ነህ። አንድ መኪና፣ ሁለት ሹፌር፤ አንዱ ከወጣ አንድ ወንበር ይለቀቃል። መንጃ ፈቃድ እንድታወጣ የገፋሁህ እኔ፣ «ብቻ ትንሽ ታገሥ፣ ማታውን ላንተ አደርገዋለሁ» ያልኩህ እኔ፣ ያን የተሰነጠቀ ቀይ ቀለም ሳይ ያየሁት አንተን ነበር፤ ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ቆመህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራ ላንተ ከመፈለጌ ይልቅ ለራሴ ሰው መፈለጌ ይበልጥ ነበር። እዚህ አገር ከኔ ጋር «ታስታውሻለሽ?» የሚባባል ሰው የለኝም።

በዚያው ትኩሳቴ ባለ መኪናው ጋ ገባሁ። ቀለም የተቀባውን ነገር፣ አምፕሊፋየሩን፣ ነርሷን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይም «ወንድም አለኝ፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ጨዋ ነው» አልኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «እሑድ ጠዋት ኤሌክትሪሻኑ ጋ ሁላችንም እንገናኛለን። ጥፋቱ የሱ ከሆነ ይወጣል፤ ወንድምሽም ይመጣል» አሉኝ። ያን ዕለት ነው በስልክ «ዝግጅትህን ጀምር» ያልኩህ። ምነው አፌን በቆረጠው።

እሑድ ተገናኘን። ረጅሙ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ መጥቷል፤ ለፍርድ የቀረበ ሰው ይመስላል። በቀን ብርሃን አይቼው ስለማላውቅ ፊቱ እንዲህ የደከመ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት። ባለ መኪናው የኋላውን አስከፈቱና «ይህን ብሎን የፈታኸው አንተ ነህ?» አሉት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም። እኔም ይኸው ብዬ እጄን አጣመርኩ።

ከዚያ ረጅሙ እጁን ሸሚዙ ኪስ ከቶ አንድ የተሰበረ የክብሪት እንጨት አወጣ። «እኔም የምለው አለኝ ጋሼ» አለ። «በየጠዋቱ ሥራዬን ጨርሼ ስሄድ ግራው ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ክብሪት ሰክቼ እሄዳለሁ። ማታ ስመጣ ወድቆ ወይም ተሰብሮ አገኘዋለሁ። ቀጭኗን ሽቦ ከወፍራሙ አርቄ በግራ አሳልፋታለሁ፤ ፉጨቱ ይቀንሳል። ይቺ እህቴ ቀን ላይ ነቅላ እዚያው ትመልሳታለች። ምን እንዳደረግኋት አላውቅም» አለ። አዛውንቱ ወደኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ወደ ክብሪቱ ዞርኩ። እኔ የጥፍር ቀለም ስቀባ እሱ ክብሪት ይሰካልኛል! በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

«ቀጭኗን አርቃት ያለህ ማነው?» አልኩት፤ ስለ ሽቦው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የጠየቅሁት ያኔ ነው። በአገጩ ወደ ኤሌክትሪሻኑ አመለከተ። «አንቺንስ ንጹሕ ብረት ፈልጊ ያለሽ?» አለኝ። እኔም በአገጬ ወደዚያው። ኤሌክትሪሻኑ ሻዩን አስቀመጠ። «ታዲያ ሁለቱም ልክ ነው እኮ» አለ። «ሁለቱም መደረግ አለበት።» ረጅሙ ቀስ ብሎ «ለእኔ ግን አንዱን ብቻ ነው የነገርከኝ፤ ደግሞም የነካው ሰው አለ አልከኝ» አለው። «ለኔም እንዲሁ» አልኩ። ኤሌክትሪሻኑ ጆሮውን አከከ፤ «እናንተ መቼ አብራችሁ መጣችሁ?» ብሎ መልሶ በኛ ላይ ሊያላክክ ሞከረ። ባለ መኪናው በባርኔጣቸው መኪናዋን አሳዩትና «ጎንበስ በልና ሥራ» አሉት።

ነገሩ ይኸው ነበር ወንድሜ። ቀጭኗ በግራ ስትመጣ ቀኝ ድረስ አትደርስም፤ ስለዚህ እሱ አምፕሊፋየሩን ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ያኔ ጥቁሯ ንጹሑ ብሎን ጋ አትደርስምና የዛገው ላይ ትታሰራለች። እኔ ለጥቁሯ ስል ወደ ቀኝ እወስደዋለሁ፤ ያኔ ቀጭኗ ወፍራሙ ጎን ትወድቃለች። እሱ የሚያድነውን እኔ እገድላለሁ፤ እኔ የማድነውን እሱ። ኤሌክትሪሻኑ ከመደርደሪያው ጥቁር ሽቦ ክንድ የምታህል ቆርጦ ቀጠለ። አምፕሊፋየሩ ግራ ቀረ፣ ቀጭኗም ግራ ቀረች፣ ጥቁሯ ደግሞ ተዘርግታ ቀኙ ብሎን ላይ፣ የጥፍር ቀለሜ ላይ ታሰረች። ባለ መኪናው ራሳቸው ገብተው ሞተሩን አስጮሁት። ከስፒከሩ ምንም አልወጣም። ለአንዲት ክንድ ሽቦ ነው ስንብሰለሰል የከረምነው።

ይሄኔ ባለ መኪናው ለመሳቅ ሲጀምሩ ረጅሙ «አንድ ነገር ግን ቀርቷል» አለ። የፊቱን በር ከፍቶ ከፀሐይ መከላከያው ኪስ ፎቶ መዝዞ አወጣ። ያንተን ፎቶ። የላክልኝን፣ ባለ መኪናውን በጥሩ ቀን ሳገኛቸው አሳያቸዋለሁ ብዬ ሸጉጬ የረሳሁትን። «ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም» አለ። «ግን በነጭ መጋረጃ ፊት፣ ጆሮው እየታየ፣ ሳይስቅ የተነሣ ሰው ለመንጃ ፈቃድ ነው የሚነሣው። ግንባሩ ደግሞ የሷ ነው። የኔን ወንበር ለሱ እንደምትፈልገው ያኔውኑ ገባኝ። ሽቦዬን የምትነቅለው ለዚያ ነው ብዬ ነበር» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፎቶውን በጥንቃቄ፣ እንዳይታጠፍ አድርጎ መለሰው።

ኩም አልኩ። እኔ እሱን የጠረጠርኩበት ነገር ሁሉ ከንቱ ሆኖ ወጣ፤ እሱ እኔን የጠረጠረበት ግን እውነት ነበር። ወንበሩን ነው የምትፈልገው ብሎ ጠረጠረ፤ ወንበሩን ነበር የምፈልገው። ወደ ኋላ የሚገፋው ወንበርም ንቀት አልነበረም፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ ነው። እሱም ያን ዕለት እንዳለኝ፣ በየማታው ሲገባ ጉልበቱ ከመሪው ጋር እየተጋጨ «ይቺ ሴት እያወቀች ነው» ይል ነበር። ለካ እኔም ትቼለት የምሄደው ነገር አለ።

ክፉው ክፍል ገና ነው። ባለ መኪናው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ እኔ ሽቦ አልገባኝም፤ ሰው ግን ይገባኛል» አሉኝ። «የሚጠራጠሩ ሁለት ሹፌሮች መኪና ይጎዳሉ። ወንድምሽን አምጪው፤ ለኔ እህትና ወንድም ይሻለኛል። ይሄኛውን በደህና ቃል አሰናብተዋለሁ» አሉኝ። ወንበሩን በእጄ አስቀመጡልኝ፤ «እሺ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የት ይሄዳል ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቄ» አሉ። እኔም አላውቅም ነበር። ለምን ማታ ማታ እንደሚነዳ እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ዞር ብዬ ሳየው ረጅሙ ጎንበስ ብሎ በጨርቅ የመኪናዋን መስኮት ይወለውላል፤ ጆሮው እኛ ጋ እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል።

«እሱ ይቆይ» አልኳቸው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ወጥቶ ካለቀ በኋላ ግን ልመልሰው አልፈለግሁም።

እንግዲህ አሁን ልትሰድበኝ ትችላለህ፤ መብትህ ነው። «ለባዕድ ስትይ ወንድምሽን» ብትለኝም አልፈርድብህም፤ ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እኔው ራሴን እንዲሁ ብያታለሁ። አልቅሻለሁም። ግን ስማኝ። ባላጠፋው ጥፋት አስወጥቼው ቢሆን፣ በየማለዳው ያቺን ቁልፍ ከምስማሩ ሳነሣ እጄ ላይ ይከብደኝ ነበር። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውን ስነግርህ አትቀየመኝ። አንተም እንዳባዬ ረጅም ነህ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ትገፋለህ። ራዲዮውን ትቀይራለህ። አንድ ቀን አንድ ነገር ይጎድላል፣ አንድ ነገር ያፏጫል፤ እኔም የጥፍር ቀለሜን አወጣለሁ። ዓመሌን አውቀዋለሁ። ቁልፍ በምስማር እየተቀባበልን፣ ሳንተያይ፣ ሳንነጋገር እየኖርን ወንድሜን ስጠረጥር ከማገኘው፣ ናፍቄህ ብኖር ይሻለኛል።

ሌላ ሥራ ላፈላልግልህ እሞክራለሁ። ቃል ግን አልሰጥህም፤ ቃሌ ምን እንዳደረገህ አየሁት። ያወጣኸው መንጃ ፈቃድ አይበላሽም፤ ትምህርት ቤቱም የዕቃ ማመላለሻ መኪና አለው ብለኸኝ ነበር፤ ሹፌሩ ጡረታ መቼ እንደሚወጣ ደኅና አድርገህ ጠይቅ። ያዘዝከውን ሻንጣ ከወሰድከው መልሰው፤ ካልመለሱልህ ለትንሿ ይሁናት፣ አንድ ቀን ወደ አንድ ቦታ መሄዷ አይቀርም።

ከእሑድ ወዲህ ያለውን ልንገርህና ላብቃ። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን አንሥቼ በሩን ስከፍት ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል፤ ልክ እኔ በምቀመጥበት ቦታ። መስታወቱም ዝቅ ብሎ መንገዱን ያሳያል። ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ጎንበስ ብዬ ወንበሩ ሥር ፈተሽኩ። ምን ፈልጎ ነው ብዬ። ምንም የለም። ምንጣፉን ገለጥኩ፣ የኋላውን ከፈትኩ፣ ብሎኑን አየሁ። ምንም። ከዚያ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ፍሬኑ ጋ ያለ ድካም ደረሰ። ቤንዚን ሰጠሁ፤ ሞተሩ ብቻውን ጮኸ። ማታ ስመልስ እኔም ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁለት። ነርሷም ትናንት ተመልሳ ገባች፤ መንገዱን ሙሉ አንቀላፋች።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን ለየሰዉ አድርስልኝ። ለእማዬ ጉንጯን በሁለት በኩል ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አታንብብላት፤ «ደህና ናት፣ መኪናዋም ዳነች» ብቻ በላት። ለአባዬ ጉልበቱን ሳምልኝና ግድግዳውን በግልጽ ይደገፍ በለው። ለአክስቴ ሰላም በልልኝ፤ ሁለተኛ መነጽር እልክላታለሁ፣ አንደኛውን የምትፈልግበት። ለትንሿ እህታችን፣ አጎንብሳ ሒሳቧን ትሥራ፤ እዚህ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያላቸው አንድ አንድ ግማሽ እውቀት ነው፣ እሷ ሙሉውን ትያዝልኝ። ለጎረቤቶቻችንና እኔን ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላም በል።

ከዚህም በኩል ሰላም ያለህ አንድ ሰው አለ። ትናንት አመሻሽ ላይ በር ላይ ተገናኝተን ነበር። አፈርኩና ፎቶህን ከፀሐይ መከላከያው ላወጣው እጄን ስዘረጋ፣ ረጅሙ እጁን ከፍ አድርጎ ከለከለኝ። «ተይው» አለኝ፤ «ከሱ ጋር ማደር ለምጃለሁ። ደህና ነው ወይ? ሰላም በይልኝ።»

የምትወድህ እኅትህ

ከታክሲዋ የፊት ወንበር ላይ፣ ተራ እየጠበቅሁ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፯ ቀን፣ ከምሳ በኋላ